ሕፃን ከጠባ በኋላ ማስገሣት ስለ ምን እንደሚያስፈልግ

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዐምድ ስለ ሕፃናት ገላ አስተጣጠብ ጥቂት ቃል ማቅረባችን ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ለብዙ ሰው ትንሽ መስሎ ስለሚታይ፥ ነገር ግን ምክንያቱ ባለመታወቁ በየቤቱ ብዙ ጭንቀት ስለሚያመጣ አንድ ጉዳይ እንናገራለን። ይኸውም ሕፃን ጡት ወይም ጡጦ ጠብቶ ከጠገበ በኋላ ቀጥ አድርጎ ይዞ፥ ጀርባውን ደባብሶ ማስገሣት ነው።

ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ፥ ይልቁንም ባለ ሥራዎችና የቤት ጌቶች የሆኑት፥ «ይህ የእናቶችና የሞግዚቶች ነገር ነው እንጂ እኛን ምን አገባን» ሳይሉ አይቀሩም። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ እንል ነበር። ነገር ግን ሕፃን ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ የቤቱ ሰው ምክር በበዛበት ጊዜ፥ በመጨረሻ «እንዲህ ይደረግ» ብሎ ነገሩን የሚቈርጠው ብዙውን ጊዜ የአባት ቃል ነው። ምክንያቱን ሳያውቅ የሚቈርጥ አባትም ምስክር ሳይሰማ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው። ይህንንም የምንለው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ በራሳችን ላይ የደረሰውን ስለምናውቅ ነው።

የመጀመሪያው ልጃችን በተወለደ በአምስተኛው ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ሕፃኑ ጉልበቱን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ፥ ፊቱ እስኪቀላ ድረስ ያለቅስ ጀመር። ባለቤታችን ታጠባዋለች፤ አማታችን ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል። ሲያገሣ «ተመስገን» ይባላል፤ ሳያገሣ የቀረ እንደ ሆነ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱ ይጠቍራል። እኛም ከመዝገብ ቤት ደክመን ገብተን «ለመሆኑ ጀርባውን የምትመቱት ስለ ምንድር ነው» ብለን ብንጠይቅ፥ አንዲት ጎረቤታችን «ወተቱ ወደ ታች እንዲወርድለት ነው» አለች። ሞግዚቲቱ «ቍርጠት እንዳይዘው ነው» አለች። አማታችን ግን «እናቶቻችን ሲያደርጉት አይተን ነው፤ አንቱ ደግሞ ቤቱን ችሎት አደረጉት» ብለው ሣቁብን።

በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ከጠባ በኋላ ቶሎ አላገሣም፤ ልቅሶውም በረታ። ያን ጊዜ መካሪው በዛ። አንዲቱ አብሽ ተፈልቶ ውሃው ይሰጠው አለች፤ ሁለተኛይቱ ጤና አዳም ይሻለዋል አለች፤ ሦስተኛይቱ ለጋ ቅቤ ይዋጥ አለች። ዘመዳችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ይሆናል፤ የሚቈርጥ ሰው አውቃለሁ» አሉ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ። እኛም ምንም ሳናውቅ የሚያውቅ ሰው መስለን፥ «የእንጥሉ ነገር ይቆይ፤ አብሹ ግን ይሰጠው» ብለን ፈረድን። በማግስቱ ሕፃኑን ተቅማጥ ያዘው፤ ዓይኑ ጎደጎደ፤ ሁለት ሌሊትም በሐኪም ቤት አደረ።

እዚያ በዕድሜ የገፉ አንዲት ነርስ ነበሩ። ነገሩን ሁሉ ካስነገሩን በኋላ «አብሹ ይሰጠው ያለው ማን ነው» ሲሉ ጠየቁ። እኛም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «እኛ ነን» አልን። «ጌታዬ፥ ልጁ ከመጀመሪያው አልታመመም ነበር፤ ያሳመሙት እርስዎ ነዎት» አሉን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ግን ተቀምጠው የማስገሣትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ አስረዱን። ምሳሌው ለእኛ እንደ ጠቀመን ለአንባቢዎቻችንም የሚጠቅም ስለ መሰለን ከዚህ ቀጥለን እንጽፈዋለን።

«ወተት የሚናጥበትን ቅል ያውቁታል» አሉ። «ቅሉ እስከ እኩሌታው ወተት ኖሮበት ቀጥ ብሎ የቆመ እንደ ሆነ፥ ወተቱ ከታች ይሆናል፥ አየሩም ከላይ ከአፉ አጠገብ ይሆናል። ክዳኑ ቢከፈት የሚወጣው አየሩ ብቻ ነው። ያንኑ ቅል ቢያጋድሙት ግን ወተቱ ወደ አፉ ይመጣል፤ አየሩም ከወተቱ በላይ ታስሮ ይቀራል፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚፈሰው ወተቱ ነው። የሕፃን ጨጓራም እንዲሁ ነው። ማስገሣት ማለት ቅሉን ማቆም ነው እንጂ ቅሉን መደብደብ አይደለም።»

እንግዲህ ነገሩን ዘርዘር አድርገን ብናየው፥ ሕፃን ወተት ሲውጥ ከወተቱ ጋራ አየርም ይውጣል። በረኃብ ተቻኵሎ ሲጠባ፥ ሲያለቅስ ቆይቶ ወደ ጡት ሲቀርብ፥ ወይም የጡጦው ጫፍ ወተት ሳይሞላው ሲጠባ የሚውጠው አየር ይበዛል። ትልቅ ሰውም ሲበላና ሲጠጣ አየር ይውጣል፤ ነገር ግን ተቀምጦ ወይም ቆሞ ስለሚበላ አየሩ ማንም ሳያግዘው በግሣት ይወጣለታል። ሕፃን ግን ራሱን ችሎ መቀመጥ አይችልም፤ ከጠባም በኋላ ወዲያው ይጋደማል። ከዚህም በላይ በጨጓራው አፍ ላይ ያለው፥ ምግብ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚዘጋው ጡንቻ ገና አልጠናም። ስለዚህ የታሰረው አየር ገፍቶ ሲወጣ ወተቱን አስከትሎ ይወጣል። በእኛ ቋንቋ ቅርሻት የምንለው ይህ ነው።

ከዚህ የተነሣ የማስገሣት ጥቅም ሦስት ነው ብሎ መናገር ይቻላል። አንደኛው፥ ሆዱን የነፋው አየር ሲወጣለት ሕፃኑ ዕረፍት ያገኛል። ሁለተኛው፥ አየር ጨጓራውን ሞልቶት ሳይጠግብ የጠገበ መስሎት ጡት የተወ ሕፃን፥ አየሩ ሲወጣለት ተመልሶ የሚበቃውን ያህል ይጠባል። ሦስተኛው፥ ከጠባ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ በሰው እቅፍ መቆየቱ ራሱ ወተቱ በቦታው እንዲረጋ ይረዳዋል። ከእነዚህ ከሦስቱ የሚበልጥ ምሥጢር የለበትም።

አሁን ደግሞ ስለ አደራረጉ እንናገር። ሦስት ዓይነት አያያዝ አለ። የመጀመሪያው ሕፃኑን ትከሻ ላይ ማስደገፍ ነው፤ አገጩ በትከሻችን ላይ ያርፋል፤ አንዱ እጃችን መቀመጫውን ይደግፋል፥ ሁለተኛው ጀርባውን ይደባብሳል። ሁለተኛው በጭናችን ላይ ማስቀመጥ ነው፤ በአንድ እጃችን ደረቱንና አገጩን ደግፈን፥ ወደ ፊት ጥቂት ዘንበል እናደርገዋለን። በዚህ ጊዜ ጣቶቻችን የሚይዙት አገጩን እንጂ ጕሮሮውን እንዳይሆን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሦስተኛው በጭናችን ላይ በደረቱ ማስተኛት ነው፤ ራሱ ከደረቱ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ከሦስቱም ለእናቲቱና ለሕፃኑ የሚመቸውን መምረጥ ነው። ልብስ እንዳይበላሽ ንጹሕ ጨርቅ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ልማዱ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ በክብር ልብሱ ሆኖ ልጁን የሚያቅፍ አባት ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ካለፈ በኋላ ነው።

መዳፍን ጎድጎድ አድርጎ በዝግታ መታ መታ ማድረግ፥ ወይም ከወገቡ ጀምሮ ወደ ላይ መደባበስ ይበቃል። ኀይል አያስፈልግም፤ አየሩን የሚያወጣው የሕፃኑ ቀጥ ብሎ መያዝ ነው እንጂ የመዳፍ ብርታት አይደለም። ቶሎ አላገሣም ብሎ ሕፃንን መነቅነቅ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የሕፃን አንገት ደካማ ስለ ሆነ፥ መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማና ሊገድለው ይችላል።

ጊዜው መቼ ነው የተባለ እንደ ሆነ፥ ጡት ለሚጠባ ሕፃን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው ሲዛወርና ጠብቶ ሲጨርስ ነው። በጡጦ ለሚጠባው ደግሞ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር በወሰደ ቍጥር ጥቂት ማሳረፍ መልካም ነው። በደስታ የሚጠባውን ሕፃን ግን «ማግሣት አለበት» ብሎ ከጡት መንጠቅ አይገባም፤ ያን ጊዜ አልቅሶ ከወጣለት አየር የሚበልጥ ይውጣል። ከጠባ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ቀጥ አድርጎ ማቀፍ ይበቃል። ጥቂት ደቂቃ ተሞክሮ ግሣት ካልመጣና ሕፃኑም ደስ ብሎት ከተቀመጠ፥ የሚወጣ አየር የለውም ማለት ነውና ማስጨነቅ አያስፈልግም። ጡት በሚገባ የሚጠባ ሕፃን የሚውጠው አየር ጥቂት ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ሳያገሣ ቢተኛ አይደነቅም። ከአራት እስከ ስድስት ወር ሲሆነውና ወገቡ እየጠና ሲሄድ ደግሞ ይህ እርዳታ በራሱ ጊዜ ይቀራል።

ከማስገሣት በፊት ግን አየሩ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይበልጣል። ሕፃኑ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ክፍል ጭምር አፉን ሞልቶ የጎረሰ እንደ ሆነ፥ አገጩም ጡቱን የነካ እንደ ሆነ፥ ብዙ አየር አይውጥም። ሲጠባ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ ግን አጎራረሱ ስላልተካከለ እንደ ገና ማስጎረስ ይገባል። በጡጦም ሲሆን ወተቱ የጡጦውን ጫፍ እንዲሞላው ጡጦውን ዘንበል አድርጎ መያዝ፥ ዱቄቱ ተበጥብጦ የወጣውም አረፋ እስኪተኛ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። የሕፃኑም ልቅሶ ሳይበረታ፥ ገና አፉን ሲያንቀሳቅስና እጁን ሲልስ ጡት መስጠት ይሻላል።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ጥቅሙ ነው። አሁን ደግሞ ማስገሣት ስለማይሠራው ነገር መናገር ይገባናል፤ በቤታችን የሳትነውም እዚህ ላይ ነው። (የውጭ አገር ዓመቶችን በፈረንጅ አቈጣጠር እንጽፋለን።)

በሕንድ አገር በቻንዲጋር ከተማ ሐኪሞች 71 እናቶችን ከጤነኛ አራስ ሕፃናቶቻቸው ጋራ መርጠው፥ እኩሌቶቹ ልጆቻቸውን ከጠቡ በኋላ እንዲያስገሡ፥ እኩሌቶቹ እንዲተዉት አድርገው ሦስት ወር ተከታተሏቸው። በ2015 ታትሞ የወጣው ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ፤ ማስገሣቱ የሕፃናቱን የቍርጠት ልቅሶ አልቀነሰውም፤ ቅርሻቱንም በመቀነስ ፈንታ አበዛው። ይህ አንድ ጥናት ብቻ ስለ ሆነ፥ የተቈጠሩትም ሕፃናት ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ ልማዱን ፈጽሞ እንተወው አያሰኝም። ነገር ግን ማስገሣት የሚያሳርፍ አገልግሎት እንጂ በሽታ የሚከላከል መድኃኒት አለመሆኑን በግልጥ ያስተምረናል። ስለዚህ ሕፃን ሳያገሣ ቢያድር እናቲቱ ጥፋት እንዳደረገች ሊቈጠርባት አይገባም።

በየምሽቱ የሚመጣው ልቅሶም እንዲሁ ነው። ሞሪስ ዌሰል የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1954 ከባልደረቦቹ ጋራ ባወጣው ጽሑፍ፥ ጤነኛ የሆነ ሕፃን በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ፥ በሳምንትም ከሦስት ቀን በላይ፥ ከሦስት ሳምንትም በላይ እንዲሁ ሲያለቅስ የሚኖርበትን ሁኔታ በልክ ወሰነው። ይህ ልቅሶ ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ይጀምራል፥ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል፥ ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሆነው ይተዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ያረጋገጠ ሐኪም የለም፤ አየር ብቻ አለመሆኑ ግን ታውቋል። ሕፃኑም ሲያለቅስ አየር ስለሚውጥ፥ ብዙ ጊዜ ልቅሶው የአየሩ ምክንያት ነው እንጂ አየሩ የልቅሶው ምክንያት አይደለም።

ስለ ቅርሻትም የሆነ እንደ ሆነ፥ በአሜሪካ በቺካጎ አካባቢ 948 ወላጆች ተጠይቀው በ1997 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከሦስት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት እኩሌቶቹ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሻሉ። በአራት ወር ይህ ቍጥር ከመቶው ወደ 67 ከፍ ይላል፤ ከ10 እስከ 12 ወር ሲሆናቸው ግን ከመቶው ወደ 5 ይወርዳል። እንግዲህ የሚያቀረሽ ሕፃን ደስ ብሎት የሚጠባ፥ ክብደቱም የሚጨምር ከሆነ፥ ችግሩ የልብስ እጥበት ነው እንጂ የበሽታ አይደለም።

ይህንን ባለማወቅ ነው ሰው ሁሉ ወደ መድኃኒት የሚሮጠው። ይህም በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ዊልያም ውድዋርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በ1851 ለሕፃናት ሆድ የሚሆን ውሃ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ ግራይፕ ውሃ የተባለው ይህ ነው። በውስጡ አልኮል ነበረበት፤ በብሪታንያም አልኮሉ ከውስጡ የወጣው በ1992 ነው። በብዙ ትውልድ ሕፃናት ሲሰጣቸው ዝም ያሉት ሆዳቸው ስለ ዳነ ነው ወይስ በአልኮሉ ምክንያት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ አብሽም ጤና አዳምም በትልቅ ሰው ዘንድ የታወቀ ጥቅም ይኖራቸው ይሆናል። ለአራስ ሕፃን ግን ነገሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2001 ጀምሮ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይሰጠው ይመክራል። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሲኖር ያ ለብቻው ነው። ምክንያቱም በጥቂት ማንኪያ ውሃ ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጣ ተሐዋስ ሊገባ ይችላል፤ ትንሹንም ጨጓራ የወተት ቦታ የሆነውን ውሃ ይይዝበታል። ቅቤ ደግሞ በመዋጥ ፈንታ ወደ ሳንባ ሾልኮ ብርቱ የሳንባ ሕመም ያመጣል። እንጥል መቍረጥ ከሁሉ ይከፋል፤ ደም በብዙ ይፈሳል፥ ቍስሉም ይመረቅዛል፥ ባልጸዳ ስለት ምክንያት መንጋጋ ቈልፍ የሚባለውን ገዳይ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ለቅርሻትና ለልቅሶ ግን አንዳች አይጠቅምም።

እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንኖር ስለ ሆን ይህን ጨምረን እንናገራለን። በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561፥ አዲስ የተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥንና የሕፃን እንጥል መቍረጥን ጎጂ ከሆኑት ልማዶች መካከል በስማቸው ጠርቶ፥ በዚህ ምክንያት ሞት ያደረሰ ሰው እንዲቀጣ ይደነግጋል። በዚያች ምሽት «የእንጥሉ ነገር ይቆይ» ማለታችን ከዕውቀት የመጣ ሳይሆን ከፍርሃት የመጣ ነበር። ፍርሃቱ ባይኖርስ ኖሮ ምን እናደርግ ነበር ብለን ስናስብ ዛሬም ሰውነታችን ይንቀጠቀጣል።

ካገሣ በኋላ ስለ መኝታው አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ እናቶች ሕፃኑ ቢያቀረሽ እንዳይታነቅ ብለው በሆዱ ወይም በጎኑ ያስተኙታል። አሳባቸው መልካም ነው፥ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚመለሰው ወተት ወደ ላይ ወጥቶ የአየሩን መንገድ መዝጋት ይከብደዋል። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየሩ ቧንቧ ከታች ይሆናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መከረ፤ በ1994ም በአገሩ ሁሉ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ቅስቀሳ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥር ዓመታት ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱበት አደጋ በዚያ አገር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ስለዚህ ሕፃኑ ካገሣም ካላገሣም በኋላ የሚተኛው በጀርባው፥ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፥ ያለ ትራስ ነው።

ይህን ሁሉ ብለን ግን ሕፃን ያለ ምክንያት ያለቀሰ ሁሉ ዝም ይበል ማለታችን አይደለም። የሚከተሉት ምልክቶች የታዩ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ይኸውም ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ደም የተቀላቀለበት የሆነ እንደ ሆነ፤ ሆዱ ተነፍቶ የጠነከረ እንደ ሆነ፤ ጡት እንቢ ያለ ወይም የደከመ እንደ ሆነ፤ ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ፤ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ይሸና የነበረው ሽንቱ የቀነሰ እንደ ሆነ ነው። ደግሞ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሕፃኑ በጠባ ቍጥር ወተቱን አርቆ የሚተፋ፥ ወዲያውም ተርቦ እንደ ገና ጡት የሚፈልግ ከሆነ፥ ይህ ቅርሻት አይደለም። የጨጓራው መውጫ ጠብቦ ሊሆን ይችላል፤ በወንዶች ላይም ይበዛል። እንዲህ ያለው በማስገሣት ሳይሆን በቀዶ ሕክምና ይድናል። ወላጅ የማስገሣትን ልክ ማወቁ የሚጠቅመው ለዚህም ነው፤ ትንሹን ነገር ከትልቁ ይለይበታልና።

የቀረው የአባት ድርሻ ነው። አባት ጡት ማጥባት አይችልም፤ እናቲቱ አጥብታ ከጨረሰች በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ግን የእርሱ ሊሆን ይችላል። ሕፃኑን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አስደግፎ ክፍሉን እየዞረ ቢራመድ፥ እናቲቱ በዚያ መካከል ታርፋለች። በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በ1986 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፥ ወላጆቻቸው በቀን ከልማዱ አስበልጠው ያቀፏቸው ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ልቅሷቸው ከመቶው በ43 ያህል ያነሰ ሆነ። ልጅን አቅፎና አዝሎ መዋልን የአገራችን እናቶች ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል። አንገቱ ያልጠናውን ሕፃን ግን ማቀፍ እንጂ ማዘል አይገባም።

ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ በስድስተኛው ሳምንት ያው የምሽት ልቅሶ መጣ። ያው ጎረቤት አብሽ አለች፤ ያው ሽማግሌም እንጥል አሉ። ሁሉም እንደ ቀድሞው ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ። እኛም ሕፃኑን ከባለቤታችን ተቀብለን ትከሻችን ላይ አድርገን «ከጡት በቀር ምንም አይሰጠውም» አልን። አማታችን ቀና ብለው አዩንና ለሽማግሌው «ተዉ፤ አሁን ምስክሩ ተሰምቷል» አሏቸው። ያን ምሽት ሕፃኑ አንድ ጊዜ አገሣ፥ ሁለት ጊዜ በካፖርታችን ላይ አቀረሸ፥ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓትም አለቀሰ። እንዲህ ሲሆን ሰንብቶ ሦስት ወር ሲሞላው ልቅሶው በራሱ ጊዜ ተወው። አብሽም ቅቤም ሐኪም ቤትም አላስፈለገም።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። በቤታችሁ ሕፃን ያላችሁ ዛሬ ማታ ከእናቱ እቅፍ ተቀብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ቢያገሣ መልካም፤ ባያገሣም መልካም። ቅሉን ማቆም የእናንተ ሥራ ነው፤ የቀረውን ልጁ ራሱ ያውቅበታል። በሚመጣው ጊዜ ስለ ሕፃናት የመጀመሪያ ምግብ፥ ይኸውም ከስድስት ወር በኋላ ስለሚጀመረው፥ እንነጋገራለን።